ትንሽ የታይሮይድ ካንሰር ሲገኝ፦ መከታተል፣ ግማሹን ማውጣት ወይስ ሙሉውን?

«ፓፒላሪ ካርሲኖማ» የሚል የፓቶሎጂ ወረቀት ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «ቶሎ ይውጣ፣ ከሥሩ ይነቀል»። ከሃያ ዓመት በፊት አብዛኛው ሐኪምም የሚመልሰው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን መጠኑ ትንሽ ለሆነና ከታይሮይድ ዕጢ ላልወጣ ካንሰር ሦስት መንገዶች አሉ። ሳይነኩ በአልትራሳውንድ መከታተል፣ ካንሰሩ ያለበትን ግማሽ ብቻ ማውጣት፣ ወይም ዕጢውን በሙሉ ማውጣት።

ሰውየው በደንብ ከተመረጠ ሦስቱ መንገዶች በዕድሜ ላይ የሚያመጡት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ በሚከተለው ነው፤ በዕድሜ ልክ የሆርሞን ክኒን፣ በካልሲየም፣ በድምፅና በክትትል ብዛት። ስለዚህ ከመወሰን በፊት መጠየቅ ያለበት፣ በሚኖሩበት ቦታ የትኛው ክትትል ሳይቋረጥ ይገኛል የሚለው ነው። ለዋሽንግተን ነዋሪ የሚመከረው ለደብረ ታቦር ነዋሪ ላይሆን ይችላል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የታይሮይድ ካንሰር አራት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ይህ ንጽጽር የሚሠራው ከሁሉም ለሚበዛው ለፓፒላሪ፣ በከፊልም ለፎሊኩላር ነው። ሜዱላሪ የሚባለው የሚነሳው ከሌላ ሕዋስ ስለሆነ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን (የቀረውን የታይሮይድ ሕዋስ በጨረር የሚያጠፋ መድኃኒት) አይሠራለትም፤ በዘር ሊተላለፍ ስለሚችልም የጂን ምርመራ ይታዘዝለታል። አናፕላስቲክ በሳምንታት ውስጥ ስለሚያድግ ለማማረጥ ጊዜ አይሰጥም።

ሲጋራና አልኮል የሚያባብሱት የማንቁርትና የጉሮሮ ካንሰር ከነዚህ የተለየ በሽታ ነው። ከታይሮይድ ጋር የሚገናኘው በሕክምናው በኩል ነው። አንገቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ታይሮይዱ ሊደክም ይችላል፤ ስለዚህ ቲኤስኤች የተባለውን የደም ምርመራ (ታይሮይዱን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን ነው፤ ዕጢው ሲደክም ከፍ ይላል) በየ6 እስከ 12 ወሩ ማሠራት አለበት። ድካሙንና ብርድ ብርድ ማለቱን ሁሉ በጨረሩ እያሳበቡ ይህን ምርመራ መርሳት የተለመደ ነው።

የኤፍኤንኤ፣ ማለትም ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና፣ ውጤት ቤተስዳ በሚባለው አመዳደብ ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይጻፋል። 1 ማለት ናሙናው አልበቃም፣ ይደገም ማለት ነው። 2 ጤናማ፣ 5 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ፣ 6 ካንሰር ነው። የሚያደናግሩት 3 እና 4 ናቸው። በተለይ በ4 ላይ ፎሊኩላር ካንሰርን ከጤናማ ፎሊኩላር እብጠት በመርፌ መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱ ሕዋሱ ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ጥሶ ከመውጣቱ ላይ ነው። ይህ የሚታወቀው እብጠቱ ወጥቶ ሽፋኑ ዙሪያውን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። አዮዲን በሚያንስበትና እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ ፎሊኩላር ከፍ ያለ ድርሻ ስላለው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ይህን ውጤት ይዞ ቢመጣ የሚገርም አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ግማሹን ማውጣት ምርመራም ሕክምናም ነው።

የአልትራሳውንድ ሪፖርቱ ላይ አምስት ነገሮች መኖር አለባቸው። በሦስት አቅጣጫ የተለካ መጠን፣ ለምሳሌ 9 በ7 በ8 ሚሊ ሜትር። እብጠቱ ያለበት ጎንና ከፍታ። ወደ ኋላ ወይም ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ምን ያህል እንደቀረበ። የዕጢውን ሽፋን ገፍቶ እንደሆነ። የአንገት ንፍፊቶች ሁኔታ በግራም በቀኝም። «ትንሽ ኖዱል ታይቷል» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ለዚህ ውሳኔ አይበቃም፤ ይመልሱትና ይደገም።

ሳይቀዱ መከታተል

በጃፓን ኮቤ ከተማ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል በዶክተር አኪራ ሚያውቺ ሐሳብ አቅራቢነት እ.ኤ.አ. በ1993 ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ፓፒላሪ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች ሳይቀድ መከታተል ጀመረ። በ2014 የ1,235 ሰዎች ውጤት ታተመ። በ10 ዓመት ውስጥ እብጠቱ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ ያህል፣ ወደ አንገት ንፍፊት የተዛመተባቸው 4 በመቶ ያህል ነበሩ። በታይሮይድ ካንሰር የሞተ አልነበረም። አድጎባቸው ዘግይተው የተቀዱትም በመዘግየታቸው አልተጎዱም። ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ፣ በዕድሜ የገፉት ከወጣቶቹ ያነሰ ነው ያደገባቸው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መከታተል የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከደቡብ ኮሪያ ነው። እዚያ ጤነኛ ሰው ሁሉ አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ሲጀምር፣ በ2011 የተመዘገበው የታይሮይድ ካንሰር ከ1993ቱ 15 እጥፍ ያህል ደረሰ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ምንም ስሜት ሳይኖረን «ለማንኛውም አንገቴም ይታይ» የምንለው ነገር ያለ ዋጋ አይደለም። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ የ2017 አመዳደብም በጣም አጠራጣሪ የሚለውን እብጠት እንኳ 1 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ መርፌ እንዲነካው አይመክርም።

መከታተል የማይሆንላቸው አሉ። እብጠቱ ትንፋሽ ቧንቧውን የተደገፈ ወይም ከኋላ የድምፅ ነርቭ በሚያልፍበት መስመር ላይ ያለ፣ ንፍፊት ላይ የተገኘበት፣ ድምፁ የጎረነነ፣ በናሙናው ላይ ኃይለኛ የሕዋስ ዓይነት የታየበት፣ እንዲሁም ሕፃናትና ታዳጊዎች።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ በ6 ወር፣ ካልተለወጠ በዓመት አንዴ ይደገማል። ለቀዶ ሕክምና ምልክቱ የ3 ሚሊ ሜትር ዕድገት ወይም አዲስ ንፍፊት ነው። የሚበላሸው ልኬቱ ላይ ነው። አንዱ ባለሙያ 8 ሚሊ ሜትር ያለውን ሌላው በሌላ መሣሪያ 10 ቢለው ካንሰሩ አደገ ማለት አይደለም፤ ሰውየው ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። መፍትሔው ከተቻለ ያው ማሽን፣ ያው ባለሙያ፣ የቀድሞው ምስል ጎን ለጎን ተከፍቶ ነው። ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ፤ የተጻፈው ሪፖርት ብቻውን አይጠቅምም።

በዓመት አንዴ አንገት በደንብ የሚያይ ባለሙያ የማያገኝ ሰው ይህን መንገድ ባይመርጥ ይሻላል። በገልፍ አገር በኮንትራት የሚሠሩ እህቶችም እንዲሁ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ፋይሉ እዚያው ይቀራል፤ ያልተከታተሉት ክትትል ደግሞ ክትትል አይደለም።

ግማሹን ማውጣት

ካንሰሩ ያለበት ጎንና ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኘው መሐል ይወጣል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2015 መመሪያው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነው ቀዶ ሕክምና ከተመረጠ ግማሹ እንዲቀድም፣ ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነውና ከዕጢው ላልወጣው ደግሞ ግማሹም ሙሉውም ተቀባይነት እንዳለው ጻፈ። ከዚያ በፊት ከ1 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ሁሉ ሙሉው ይወጣ ነበር።

ትልቁ ጥቅሙ ያልተነካው ጎን ነው። እዚያ ያለው የድምፅ ነርቭና የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ሁለቱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች እንዳሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ዘላቂ የካልሲየም እጥረት የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም የድምፅ ነርቮች ተጎድተው ትንፋሽ የሚያሰጋበት ሁኔታም አይፈጠርም። ሆርሞኑንም የቀረው ግማሽ ብዙ ጊዜ ብቻውን ይሸፍናል። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ክኒን ያስፈልገዋል። ማን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ መገመት ይቻላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቲኤስኤቹ ወደ ላይኛው ጠርዝ የተጠጋ ወይም ታይሮይዱን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ የተገኘ ሰው ክኒኑን ይጠብቅ።

ጉድለቱም አለው። የወጣው ሥጋ ሲመረመር ኃይለኛ ምልክት ከተገኘ ቀሪው ግማሽ በሌላ ጊዜ ይወጣል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ባልተነካው ጎን ስለሆነ በጠባሳ መሐል የመሥራት ያህል አይከብድም፤ ግን ሁለተኛ ማደንዘዣ፣ ሁለተኛ ወጪ ነው። የታይሮይድ ሕዋስ ብቻ የሚያመርተው ታይሮግሎቡሊን የሚባለው የደም ምልክትም ከጤናማው ግማሽ ጭምር ስለሚወጣ እንደ ሙሉው ግልጽ ሆኖ አይነበብም፤ ክትትሉ የሚደገፈው በአልትራሳውንድ ነው።

ሙሉውን ማውጣት

እብጠቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ፣ ከዕጢው ወጥቶ ሲታይ፣ ንፍፊት ላይ በግልጽ ሲገኝ፣ ወደ ሳንባ ወይም አጥንት ከተዛመተ ሙሉው መውጣቱ አያከራክርም። በኛ አገር በብዛት የሚታይ አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። ሰውየው ለዓመታት የቆየ ባለ ብዙ እብጠት እንቅርት በሁለቱም ጎን ካለው፣ ግማሹን ትቶ በየዓመቱ አራት አምስት እብጠት መለካት አድካሚ ነው።

ከዚህ ውጭ ግን ሙሉውን መምረጥ ከባድ ዋጋ አለው። ልምድ ባለው እጅ ዘላቂ የድምፅ ነርቭ ጉዳት ከመቶ አንድ ገደማ፣ ዘላቂ የካልሲየም እጥረት ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው ነው። ልምድ በሌለው እጅ ቁጥሩ ይጨምራል። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች ጉዳታቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። «በዓመት ስንት ታይሮይድ ያወጣሉ? የድምፅ ነርቩንስ እንዴት ይለያሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በደንብ የሚሠራ ሐኪም ጥያቄውን አይጠላም።

ፓራታይሮይዶቹ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ የደም አቅርቦታቸው ከታይሮይዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳይወጡም ሥራቸው ሊስተጓጎል ይችላል። ካልሲየሙ ዝቅ የሚለው ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ማለትም ብዙ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ። ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ ይነዝራል፣ እጅ ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ ደም ተለክቶ፣ እንደ ሁኔታው በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ካልሲየም ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ ይሰጣል፤ ካልበቃ ካልሲትሪዮል የተባለው ንቁ ቫይታሚን ዲ ይጨመራል። ስህተቱ መለያው ላይ ነው። 1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚል ክኒን ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲትሬት የሚባለውን ዓይነት ቢጠይቅ ይሻለዋል፣ ካርቦኔት ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋልና።

በግማሹም በሙሉውም የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አንድ ድንገተኛ ነገር አላቸው። አንገቱ ሲያብጥ፣ ፋሻው ሲወጠር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። አስታማሚው እስኪነጋ አይጠብቅ፤ ነርሷን ወዲያው ይጥራ።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም አዮዲኑ የሚሠራው ሙሉው ዕጢ ከወጣ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሙሉውን የሚያስወጣው «አዮዲን ልወስድ ስለምችል» ብሎ ነው። አዮዲኑ የማያስፈልገው ከሆነ ያ ምክንያት ይወድቃል።

በ2022 የታተመው ኤስቲማብል 2 የተባለው የፈረንሳይ ጥናት 776 ዝቅተኛ ሥጋት ያላቸው፣ ሙሉው ዕጢ የወጣላቸው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በ3 ዓመት ውስጥ ችግር ያልታየባቸው አዮዲን ካልወሰዱት 95.6 በመቶ፣ ከወሰዱት 95.9 በመቶ ነበሩ። ቀደም ሲል በ2012 ሃይሎ የተባለው የእንግሊዝ ጥናትና የመጀመሪያው ኤስቲማብል፣ አዮዲን ከተሰጠም 30 ሚሊኩሪ (የጨረሩ መለኪያ) የ100 ሚሊኩሪን ያህል የቀረውን ጤናማ ሕዋስ እንደሚያጠፋ አሳይተዋል። ስለዚህ ካንሰሩ ትንሽ ሆኖ 100 ሚሊኩሪ የታዘዘለት ሰው ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ምራቅ የሚያመነጩት ዕጢዎች ማበጥና የአፍ መድረቅ መጠኑ ሲጨምር ይጨምራሉ።

አዮዲን ለሚያስፈልገው ሰው ቲኤስኤች ከ30 በላይ መውጣት አለበት። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክኒኑን ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ማቋረጥ ነው፤ ወጪ የለውም፣ ግን ሰውየው ያብጣል፣ ይበርደዋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፤ መኪና መንዳትም አይመከርም። ሁለተኛው ታይሮጅን የተባለውን መርፌ 0.9 ሚሊ ግራም ሁለት ቀን አከታትሎ መወጋት፣ በሦስተኛው ቀን አዮዲኑን መውሰድ፣ ታይሮግሎቡሊኑን በአምስተኛው ቀን መለካት ነው። ውድ ነው፤ የልብ ሕመም ላለበት ወይም ሥራ ማቋረጥ ለማይችል ግን ዋጋውን ያወጣል። ውጤታቸው በነዚያው የ2012 ጥናቶች እኩል ነበር።

ከአዮዲኑ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት አዮዲን ያነሰበት ምግብ ይታዘዛል። የፈረንጁ ዝርዝር ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላልና አዮዲን ያለው ጨው ይከለክላል። የጾም ምግብ የለመደ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። የሚያሳስተው ጨው ቀድሞ የገባበት በርበሬና ምጥን ሽሮ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የገበታ ጨው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ደንብ መሠረት አዮዲን እንዲጨመርበት ስለተደረገ፣ በጆንያ የመጣው ቅመም ጨዉን ይዞት ይመጣል። ለእነዚህ ሁለት ሳምንታት ጨው ያልገባበት በርበሬ ለብቻው ይዘጋጅ። ሲቲ ስካን በአዮዲን ቀለም የተነሳ ሰው ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ወር መቆየት አለበት፤ ይህን ሳይናገሩ ቀርተው አዮዲኑ በከንቱ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስድም። የምታጠባ እናት ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድማ ማጥባት ታቆማለች፤ ከሕክምናው በኋላም ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላ ማርገዝ አይመከርም። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው የሕክምና ደብዳቤ ይያዝ። የጨረር መለያ መሣሪያ ከሳምንታት በኋላም ሊጮህበት ይችላል።

ክኒኑ

ሙሉው የወጣለት ሰው ሁሉ፣ ግማሹ ከወጣላቸውም የተወሰኑት፣ ሌቮታይሮክሲን ይወስዳሉ። በኢትዮጵያና በገልፍ ዩታይሮክስ፣ በእስራኤል ኤልትሮክሲን፣ በአሜሪካ ሲንትሮይድ የሚሉት ያው ሆርሞን ነው። ሙሉ መጠኑ በግምት በኪሎ 1.6 ማይክሮ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ማለት ነው። ልብ ሕመም ያለባቸውና አረጋውያን ግን ከ25 ወይም ከ50 ይጀምራሉ።

ክኒኑ ለካንሰር ሁለት ሥራ አለው፤ የጎደለውን መተካትና ቲኤስኤችን መቆጣጠር። ቲኤስኤች የቀረ የካንሰር ሕዋስ ካለ ያነቃቃዋል። ሁሉም ሰው ግን በጣም ዝቅ ይበልበት ማለት አይደለም። በ2015ቱ መመሪያ ከፍተኛ ሥጋት ላለው ከ0.1 በታች፣ መካከለኛ ለሆነው ከ0.1 እስከ 0.5፣ ዝቅተኛ ሆኖ ምልክት ለሌለው ከ0.5 እስከ 2 ነው። «ካንሰር ነበረብኝና ዝቅ ቢል አይጎዳኝም» የሚለው አነጋገር ልብንና አጥንትን ይረሳል፤ ቲኤስኤች ለዓመታት ተጨቁኖ ሲቆይ የልብ ምት መዛባት፣ የወር አበባ ባቋረጡ ሴቶች ላይም የአጥንት መሳሳት ይመጣል።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ። ቡናም ይጠብቅ፤ የማለዳው ቡና ክኒኑን ሲከተል የሚመጠጠው ይቀንሳል። ካልሲየምና የብረት ክኒን 4 ሰዓት ይራቁ። ሙሉው ወጥቶለት ካልሲየም ጭምር የሚወስድ ሰው ሁለቱን ጠዋት አንድ ላይ ውጦ ቲኤስኤቹ አልወርድ ሲል መጠኑ ይጨመርለታል፤ ሰዓቱን ማስተካከል ግን ይበቃ ነበር።

እስከ ቅዳሴ ወይም እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ የማይቀምስ ጾመኛ ክኒኑን ማታ ይውሰድ፤ እራት ከበላ 3 ሰዓት አልፎ፣ ሲተኛ። በኔዘርላንድ በ2010 የታተመ ጥናት ማታ መውሰድ ከጠዋቱ እንደማያንስ፣ እንዲያውም ቲኤስኤችን የተሻለ እንደሚያወርድ አሳይቷል። በረመዳንም እንዲሁ፤ ከኢፍጣር ጥቂት ሰዓት ቆይቶ፣ ወይም ከሱሁር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ። ዋናው የመረጡትን ሰዓት አለመለዋወጥ ነው።

የሆርሞኑ ግማሽ ዕድሜ 7 ቀን ገደማ ነው። ይህ ሁለት ውጤት አለው። ፋርማሲው 50 እና 100 ብቻ ሲኖረው 75 የታዘዘለት ሰው አንድ ቀን 50፣ አንድ ቀን 100 ቢውጥ ደሙ ውስጥ 75 ይሆናል። ሌላኛው ውጤት ያሳስታል። ጠበል ሲገባ ክኒኑን የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሰማውም፣ «ተፈወስኩ» ይላል፤ ድካሙ የሚመጣው ሆርሞኑ ከደሙ ሲሟጠጥ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። ጠበሉና ክኒኑ አይጣሉም፤ ክኒኑን ሳይተዉ መጠመቅ ይቻላል።

መጠኑ ወይም የፋብሪካው ስም ሲቀየር ቲኤስኤች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይለካል፤ በሁለት ሳምንት የሚሠራ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ውጤቱን ያዛባል፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ ይቁም። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣው ክኒን ከማሸጊያው ወጥቶ በፕላስቲክ ከረጢት ከሆነ አይረባም፤ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያደክሙታል። በዱባይ በጋ መኪና ውስጥ የቆየም እንዲሁ። እርግዝና ሲታወቅ ደግሞ ሐኪም እስኪገኝ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ክኒን መጀመር የተለመደው ምክር ነው፤ 7 የነበረው 9 ይሆናል።

ቲ3 የተባለው ፈጣን ሆርሞንና ከአሳማ ታይሮይድ የሚደርቀው ክኒን በአሜሪካ ይገኛሉ። ቲ3 በአንድ ቀን ገደማ ስለሚወርድ የልብ ትርታን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ቦታው ክኒኑ ለአዮዲን በሚቋረጥበት ጊዜ እንደ መሸጋገሪያ ነው። የአሳማው ደግሞ ከሰው ታይሮይድ የበለጠ ቲ3 በውስጡ ስላለው፣ ቲኤስኤች በጥንቃቄ መያዝ ላለበት የካንሰር ታካሚ አይመችም።

ማን ምን ይምረጥ?

ዕድሜው 65፣ እብጠቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ከቧንቧው የራቀ፣ የሚኖረው ቴል አቪቭ ወይም ሚኒያፖሊስ ከሆነ፦ መከታተል። በ35 ዓመቷ በአንድ ጎን 18 ሚሊ ሜትር የተገኘባት፣ ንፍፊቷ ንጹሕ የሆነ፣ አዲስ አበባ የምትኖር፦ ግማሹ። ከሐኪሞችም ይህን የሚቃወሙ አሉ፤ «ሙሉው ቢወጣ ክትትሉ ይቀላል» ይላሉ። ክትትሉ የሚቀለው ግን ታይሮግሎቡሊን፣ ከእሱ ጋርም የሚያዛባው ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ላቦራቶሪ ሳይቋረጥ ሲለካ ነው። ይህ በማይገኝበት ቦታ፣ ሌቮታይሮክሲንም ከፋርማሲ በሚጠፋበት ወር፣ ሙሉው የወጣለት ሰው አንዲት ቀን እንኳ የራሱ ሆርሞን የለውም። ግማሹ የቀረለት ግን የራሱ መጠባበቂያ አለው። ከ4 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ወይም ንፍፊት የነካ ካንሰር ይዞ ክፍለ ሀገር የሚኖር ሰው ደግሞ ሙሉውን ከማስወጣቱ በፊት አዮዲኑን የት እንደሚያገኝ፣ የስንት ወር ወረፋ እንዳለው ይጠይቅ።

ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ሄደው የሚታከሙም ሲመለሱ የሚይዙት ነገር አለ። የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር፣ ፓቶሎጂው የካንሰሩን መጠን፣ ጠርዙንና የደም ሥር መነካቱን ጽፎ፣ የታይሮግሎቡሊን መነሻ ውጤት ከላቦራቶሪው ስም ጋር፣ የታዘዘው የቲኤስኤች ግብ በቁጥር፣ በአዮዲን ቀለም የተነሱበት የሲቲ ስካን ቀን። ፓራፊን ብሎክ የሚሉትን፣ የወጣው ሥጋ የተቀመጠበትን ሰም፣ ከሆስፒታሉ መጠየቅም ይቻላል፤ ጥርጣሬ ሲነሳ ሌላ ፓቶሎጂስት እንደገና የሚያየው ያንኑ ነው።